በከሚሴ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ትምህርት፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለማይተዋወቁ ትምህርቶች

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣነው ነገር፣ በከሚሴ ከተማና በዙሪያዋ ባለው የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የሚገኝ አንድ የመካከለኛ ደረጃ ተማሪ በዋና ዋናዎቹ ትምህርቶች ምን እንደሚማር፣ ይልቁንም የተማረው ነገር እርስ በርሱ እንዴት እንደሚገናኝ ነው። ስለ ትምህርት የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚቈጥሩት የተማሪውን ብዛት፣ የክፍሉንና የወንበሩን ቁጥር ነው። ይህ መቈጠሩን አንነቅፍም። ነገር ግን ልጁ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ በጆሮው የሚገባው ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ እኛ በበኩላችን ሒሳችንን በዚህ ላይ አድርገናል። ከመካከላችን አንዱ በዚያው ዞን ተወልዶ የተማረ በመሆኑ፣ በመርሐ ግብሩ ላይ የተጻፈውን ከሠፈሩ ኑሮ ጋራ ለማስተያየት ረድቶናል።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ኮምቦልቻ ሳይደርሱ ትገኛለች። ዞኑ ባቲን፣ ደዋ ጨፋን፣ አርጡማ ፉርሲን፣ ጅሌ ጥሙጋንና ደዌ ሐረዋን ያጠቃልላል፤ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ ሕዝቡ ከ450 ሺህ በላይ ነበረ። የሚበዛው ነዋሪ ኦሮሞና ሙስሊም ሲሆን አማራውና አርጎባውም አብሮ ይኖራል፤ በምሥራቅ በኩል አፋሩ ጎረቤት ነው። ሰኞ የባቲን ገበያ ወይም እሑድ የሰንበቴን ገበያ ያየ ሰው፣ በአንዲት ፍየል ዋጋ ላይ ሦስት ቋንቋ ሲነገር ይሰማል። ከአባቱ ጋራ ፍየል ሊሸጥ የሄደ የ13 ዓመት ልጅ፣ አፋሩን በአንድ ቋንቋ፣ ደገኛውን በሌላ እያነጋገረ የምላሹን ሣንቲም ሳይሳሳት ይቈጥራል። ይኸው ልጅ ማግሰኞ ከክፍል ሲገባ ሰነፍ ከተባለ፣ ስንፍናው ከልጁ ነው ወይስ ከክፍሉ ብሎ መጠየቅ የተገባ ነው።

አስቀድመን ስለ ሥርዓቱ ጥቂት እንናገር። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ ከ1956 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ፣ ትምህርት እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ ይሰጥ ነበር፤ 7ኛ ክፍል ሲደረስ እንግሊዝኛ ይተካል። ደርግም ይህንኑ ይዞ ቈየ። በዚያ ጊዜ ያደገ የጨፋ ልጅ፣ እናቱ ያላስተማረችውን አማርኛ ስድስት ዓመት ለምዶ ገና ሲረጋ፣ ወደ ሌላ እንግዳ ቋንቋ ይሻገር ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኋላ 15 ቋንቋዎችን ሲያዳርስ አፋን ኦሮሞ በግእዝ ፊደል ቢጻፍበትም፣ ዘመቻው መደበኛውን ክፍል አልነካውም። በ1984 ዓ.ም. በላቲን ፊደል የሚጻፈው ቁቤ ለአፋን ኦሮሞ ተመረጠ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ልጆች በመጀመሪያ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ። በከሚሴ ዙሪያ ላሉ ልጆች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚህ በታች የምንጽፈውም ሁሉ ይህን ለመንቀፍ እንዳይመስል አንባቢን አደራ እንላለን።

በቅርቡ ደግሞ ሥርዓተ ትምህርቱ እንደገና ተሻሽሎ፣ በ2015 ዓ.ም. አዲስ ፖሊሲ ጸድቋል። በአዲሱ አደረጃጀት 7ኛና 8ኛ ክፍል ከመጀመሪያው ደረጃ ተለይተው መካከለኛ ደረጃ ተባሉ። ቀድሞ በእነዚህ ክፍሎች ለየብቻ ይሰጡ የነበሩት ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ አጠቃላይ ሳይንስ በሚል ስም ተጠቃለሉ። ከዚህ ጋራ ሦስት ቋንቋዎች፣ ሒሳብ፣ ታሪክንና ጂኦግራፊን የያዘው ማኅበራዊ ሳይንስ፣ የዜግነት ትምህርት፣ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ፣ የክወናና የእይታ ጥበብ፣ የሙያና ቴክኒክ ትምህርት፣ የጤናና የሰውነት ማጎልመሻ አሉ። አንዳንድ ሰዎች ብዛቱን ይከሳሉ። እኛ ግን ብዛቱ ዋናው ነገር አይመስለንም። ዋናው ነገር እያንዳንዱ ትምህርት ከሌላው ጋራ ሳይተዋወቅ፣ እንደ ገበያ መንገደኛ ጎን ለጎን አልፎ መሄዱ ነው።

ከቋንቋው እንጀምር፤ ከሁሉ የከበደው እርሱ ነውና።

በዞኑ ከሚገኙት ልጆች ብዙዎቹ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ወይም ጎን ለጎን ቁርአን ይቀራሉ። እንግዲህ አንድ ልጅ መጀመሪያ የሚያውቀው ፊደል ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፈው የዐረብኛው ነው። ቀጥሎ በትምህርት ቤት ቁቤ ይማራል። በኋላ የአማርኛን ፊደል ከነሰባት ቤቱ ይጨምራል፤ እንግሊዝኛም አለ። ሰባተኛ ክፍል ሲደርስ በሦስት ዓይነት ፊደል አራት ቋንቋ የሚያነብ ልጅ ይሆናል ማለት ነው። በአዲስ አበባ ያለን ተማሪዎች ሁለት ፊደል በማወቃችን የምንኩራራ ከሆነ፣ ይህን ልጅ ማክበር ይገባናል። ትምህርት ቤቱ ግን ይህን ሁሉ እንደ ሀብት አይቈጥረውም፤ አንዱን ፊደል ከሌላው ጋራ አስተያይቶ የሚያሳየውም ሰዓት የለም።

ችግሩ በትንሽ ነገር ይታያል። ቁቤና እንግሊዝኛ መልካቸው አንድ ነው፤ ድምፃቸው ግን ይለያያል። በእንግሊዝኛ ፊደል ሦስተኛዋ፣ እንግሊዞች አንድ ጊዜ እንደ «ከ» አንድ ጊዜ እንደ «ሰ» የሚያነቧት፣ በቁቤ «ጭ» ናት። ኤክስ የምንላት ፊደል በቁቤ «ጥ» ናት። በቁቤ አናባቢ ሲደረብ ድምፁ ይረዝማል፤ ተነባቢ ሲደረብ ይጠብቃል፤ «ለፈ» እና «ላፋ» የሚመስሉት ቃላት አንደኛው መሬት፣ ሁለተኛው ልስልስ ወይም ደካማ ማለት የሚሆነው በዚህ ልዩነት ነው። በእንግሊዝኛ ግን የፊደል መደረብ እንዲህ ያለ ሕግ የለውም፤ አማርኛ ደግሞ ጥብቀትን በጽሕፈት ጨርሶ አያሳይም። ስለዚህ ልጁ ሦስት ሕግ በአንድ ጊዜ መያዝ አለበት፤ ሦስቱን የሚያስተምሩት ሦስት አስተማሪዎች ግን ስለዚህ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። ከመካከላችን ያ ጓደኛችን ሲያጫውተን፣ በአንድ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ አንድ ልጅ በጥቁር ሰሌዳው ላይ የተጻፈችውን ኤክስ «ጣ» ብሎ በማንበቡ ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት፤ አስተማሪውም አብሮ ሳቀ። ልጁ ከዚያ በኋላ እጁን አላወጣም። ልጁ አልተሳሳተም ነበር። በተማረው ፊደል በትክክል አንብቧል፤ ጥፋቱ በሒሳብ ክፍል ያቺ ፊደል ስሟን እንደምትለውጥ አስቀድሞ የነገረው ሰው አለመኖሩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደስት ነገር ጣልቃ እናግባ። አማርኛው «እኩልታ» የሚለውን የሒሳብ ቃል አፋን ኦሮሞ «ሂመ ወልቂጣ» ይለዋል። ሂመ ማለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ይኸው ቃል በቋንቋው ክፍለ ጊዜ ባለቤትንና ማሠሪያ አንቀጽን ሲያስተምሩ በየቀኑ ይጠራል። እንግዲህ የአፋን ኦሮሞው አስተማሪና የሒሳቡ አስተማሪ ሳያውቁት በአንድ ቃል ይሠራሉ። እኩልታ ሁለት ነገሮች እኩል ናቸው ብሎ የሚናገር ዓረፍተ ነገር ነው፤ እውነትም ሐሰትም ሊሆን ይችላል፤ ያልታወቀችው ፊደል ደግሞ ባዶ የተተወ የባለቤት ቦታ ናት። ይህን በአማርኛው ወይም በእንግሊዝኛው ቃል ለማስረዳት ብዙ መዞር ያስፈልጋል፤ በአፋን ኦሮሞ ግን ቃሉ ራሱ ይናገረዋል። አንድ አስተማሪ ይህን ቢያስተውል የሳምንት ድካም በአንድ ሰዓት ይቀልለት ነበር። ይሁን እንጂ ልጁ 9ኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን፣ ብዙ ወላጅና አስተማሪ የአፋን ኦሮሞውን ቃል እንደ ጊዜያዊ ድንኳን ያየዋል፤ ነገ የሚነቀል ድንኳን ላይ ማን ይደክማል? በአማራ ክልልም ሒሳብና ሳይንስ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተሰጠበት ጊዜ ነበረ። በዚህ ረገድ በትምህርት ሚኒስቴር ጠያቂነት ካትሊን ሂውና ባልደረቦቿ በ1999 ዓ.ም. ያቀረቡት ጥናት እንዳሳየው፣ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩት ልጆች በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት ነበራቸው። ቶሎ ወደ እንግሊዝኛ መሄድ እንግሊዝኛን ያበረታል የሚለው አስተሳሰብ የዋህነት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ወደ ሒሳብ ስንመጣ፣ በ7ኛ ክፍል ጥምርታ፣ ወደርና መቶኛ፣ የመረጃ አያያዝ፣ በ8ኛ ክፍል ደግሞ ካሬና ካሬ ሥር፣ የምስሎች ተመሳስሎ፣ የዕድል ስሌት መግቢያ ይገኛሉ። አመዳደቡ መልካም ነው፤ በዚህ ላይ የምንጨቃጨቅበት የለንም። ነገር ግን መቶኛን ለማስተማር የባንክ ወለድ የተለመደ ምሳሌ ሲሆን፣ በደዋ ጨፋ ያለ የከብት አርቢ ልጅ ከባንክ ጋራ ብዙም አይተዋወቅም። እርሱ የሚያውቀው አባቱ ስለ ዘካ ሲያስብ ነው። በገንዘብ ላይ ዘካው ከ40 አንድ፣ ማለትም 2.5 በመቶ ነው። በፍየልና በበግ ግን 40 ሲሞላ አንድ ነው፤ እስከ 120 ድረስም አንድ ነው፤ 121 ሲሆን ሁለት ይሆናል። እንግዲህ 40 ፍየል ያለው 2.5 በመቶ ሲሰጥ፣ 120 ያለው 0.83 በመቶ ብቻ ይሰጣል፤ አንዲት ግልገል ስትጨመርበት ግን ወደ 1.65 በመቶ ይዘላል። መቶኛው ለምን ይወርዳል፣ ለምንስ ይዘላል? ይህን በሠንጠረዥና በሥዕል አውጡት ቢባሉ፣ ከወለዱ ምሳሌ ይልቅ የጠለቀ ሒሳብ ይሠሩ ነበር። መንግሥታዊ ትምህርት ቤት ሃይማኖት አያስተምርም የሚል ቢኖር ልክ ነው፤ እኛም እርሱን አንልም። የምንለው ፍየል መቊጠር ሒሳብ መሆኑን ነው።

የዘመን አቈጣጠርም እንዲሁ ነው። በከሚሴ የሚኖር ልጅ ትምህርት ቤቱ በሚሄድበት የፀሐይ ዓመትና ረመዳን በሚቈጠርበት የጨረቃ ዓመት መካከል ይኖራል። አንደኛው 365 ቀን፣ ሌላው 354 ቀን ያህል ነው፤ ጾሙ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣና በ33 ዓመት ገደማ ዞሮ ወደ ቦታው ይመለሳል። አጠቃላይ ሳይንስ ስለ ምድርና ስለ ሥርዓተ ፀሐይ ያስተምራል፤ ሒሳብ ስለ ልዩነትና ስለ ማካፈል ያስተምራል፤ ማኅበራዊ ሳይንስ ስለ ዘመን አቈጣጠር ይናገራል። ሦስቱ ተሰብስበው ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣውን አንድ ጥያቄ ቢመልሱለት ምን ይጐድላቸው ነበር?

ሳይንስን በተመለከተ፣ ሦስቱን ትምህርቶች አንድ ላይ ማምጣት በሐሳብ ደረጃ የምንደግፈው ነገር ነው። የ13 ዓመት ልጅ ዓለምን በሦስት ሳጥን ከፍሎ አያያትም። ሆኖም መጽሐፉ አንድ ቢሆንም የሚያስተምሩት ሰዎች በሥልጠናቸው የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪ ወይም የፊዚክስ ሰዎች ናቸው፤ ፊዚክስ የተማረው ስለ ሕዋስ ሲደርስ ይቸኩላል፣ ባዮሎጂ የተማረችው ስለ ኀይልና እንቅስቃሴ ሲደርስ ታነባለች እንጂ አታስረዳም። ይህን የምንለው አስተማሪዎቹን ለመውቀስ አይደለም። መጽሐፍ በአንድ ዓመት ይለወጣል፤ አስተማሪ በአንድ ዓመት አይለወጥም።

ከሁሉ በላይ የሚያስቈጨን ግን የጨፋ ነገር ነው። በ8ኛ ክፍል ስለ ሥነ ምህዳርና ስለ ተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ይማራሉ። ለዚህ ትምህርት ከከሚሴ የተሻለ ቦታ በአገሪቱ ስንት ይገኛል? ከከተማዋ አጠገብ የጨፋ ረግረግ ተዘርግቷል፤ ቦርከና ወንዝ በመካከሉ አልፎ ወደ አዋሽ ይወርዳል። በጋ ሲጠና አፋሩም ኦሮሞውም ከብቱን እየነዳ ወደዚህ ሣር ይመጣል። ረግረጉ በአንድ በኩል በእርሻ ይጠባል፣ በሌላ በኩል ከብቱ ይበዛበታል፤ በዚህም ምክንያት ጠብ ይነሣል፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ይታረቃል። ከዚህም ሌላ፣ ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሚወጣው ፍሳሽ በለዮሌና በወርቃ ወንዞች በኩል ወደ ቦርከና እንደሚገባ፣ ከቆዳ ማልፊያ የሚመጣ ክሮሚየምም እንደሚገኝበት ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ኬሚስትሪው፣ ባዮሎጂው፣ ጂኦግራፊውና የዜግነት ትምህርቱ በአንድ ወንዝ ውስጥ ተጠራቅመው ይፈስሳሉ። ለመላው አገር የታቀደ መርሐ ግብር ይህን ሁሉ ሊያውቅ አይችልም፤ እንዲያውቅም አንጠይቀውም። አስተማሪው ግን ክፍሉን ይዞ አንድ ቀን ወደ ወንዙ ሊወርድ ይችላል። የማይወርደው ስንፍና ይዞት ሳይሆን፣ ምዕራፉን ጨርሶ ለፈተና ማድረስ ስላለበት ነው። ወደ ወንዝ የወረደበት ቀን እንደ ባከነ ይቈጠርበታል።

ስለ ማኅበራዊ ሳይንስ አጭር ነገር እንበል። የሰው ልጅ አመጣጥ ሲነሣ ድንቅነሽ ትጠራለች፤ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችበት ሐዳር የሚገኘው ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ ከሚያደርስበት የአፋር ቈላ ነው። የይፋት ሱልጣኔት ሲነሣ ደግሞ አገሩ ከዞኑ ድንበር የራቀ አይደለም። እነዚህን ለልጁ «እዚያ» ብሎ ማስተማርና «እዚህ» ብሎ ማስተማር ልዩነቱ ብዙ ነው። የክወናና የእይታ ጥበብ ትምህርትም እንደ ጨዋታ ሰዓት ሲታይ ያሳዝነናል፤ ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋራ የሚጠራው ባቲ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ዞን ከተማ መሆኑን የባቲ ልጅ ከሬዲዮ ሳይሆን ከአስተማሪው አፍ ቢሰማው በወደድን። መንዙማውም ከደጁ አለ። ስለ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ግን ብዙ አንጽፍም፤ ኤሌክትሪክ ባልደረሰበት ቀበሌ ኮምፒዩተርን በጠመኔ ስሎ ማስተማር ምን እንደሚመስል አንባቢ ራሱ ይገምተው።

አሁን ወደ ፈተናው ደረስን። በ8ኛ ክፍል መጨረሻ የክልል ፈተና አለ፤ ሕዝቡ እስከ ዛሬ በቀድሞ ስሙ «ሚኒስትሪ» ይለዋል። ፈተናው እያንዳንዱን ትምህርት ለየብቻ ይጠይቃል፤ ስለዚህ አስተማሪውም ለየብቻ ያስተምራል፣ ልጁም ለየብቻ ይሸመድዳል። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በየጊዜው በተደረጉት አገር አቀፍ የትምህርት ምዘናዎች የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በሒሳብና በሳይንስ ያገኙት አማካይ ውጤት ፖሊሲው ካስቀመጠው 50 በመቶ በታች ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው አገሩን ሁሉ አስደነገጠ፤ ጋዜጣውም ሬዲዮውም ስለ ፈተናው ጥብቀት ተከራከረ። እኛ ግን ነገሩ በ12ኛ ክፍል ተጀመረ ብለን አናምንም። በ7ኛ ክፍል «ጣ» ብሎ የተሳቀበት ልጅ ከ3.3 በመቶው ውስጥ የመገኘት ዕድሉ ምን ያህል ነበር?

በዚህ ላይ የአካባቢው መከራ ይጨመራል። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በአገሪቱ ተዘጉ። በ2013 ዓ.ም. በአካባቢው ግጭት ተነሣ፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ እስከ ከሚሴ ደረሰ። እንዲህ ባለ ጊዜ ያለፈ ምዕራፍ ተመልሶ አይሰጥም፤ ልጁ መሠረት የሌለው ግድግዳ ላይ ጣሪያ ሲወጣ ያየዋል። ጥምርታን ያልተማረ ልጅ ተመሳስሎ ይሰጠዋል፤ ተመሳስሎ ደግሞ ጥምርታ ማለት ነው።

ከመምህሮቻችን አንዱ ይህን ጽሑፍ ከማተማችን በፊት አይተው፣ «እናንተ የምትሉት ለእያንዳንዱ ወረዳ የተለየ መጽሐፍ ይጻፍ ማለት ነው፤ ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? ልጁስ ወደ ሌላ ቦታ ሲሄድ ምን ያደርገዋል?» ብለው ተቃወሙን። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ በከፊልም ተቀብለነዋል። የተለየ መጽሐፍ አንጠይቅም፤ የከሚሴ ልጅ ከጎጃምም ከሐረርም ልጅ ጋራ በአንድ ፈተና የሚወዳደር በመሆኑ መርሐ ግብሩ አንድ መሆኑ ይጠቅመዋል። በመጽሐፉ ቋንቋና በወሎ ኦሮሞ አነጋገር መካከል ያለው ልዩነትም ሌላ ጥናት የሚፈልግ ስለሆነ እዚህ አልነካነውም።

የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ሁለቱም ብዙ ገንዘብ አይፈልጉም። አንደኛው፣ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ሒሳብና ሳይንስ ቃላት በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የተጻፉበት፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይም የፊደሎቹ ድምፅ እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚገልጽ አንድ ቀጭን ደብተር ነው። የዞኑ የአፋን ኦሮሞ አስተማሪዎችና የሒሳብና የሳይንስ አስተማሪዎች አንድ ክረምት ቢሰበሰቡ ይጨርሱታል። ሁለተኛው፣ በየወሩ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የአንድ ክፍል አስተማሪዎች በሙሉ ተሰብስበው በሚቀጥለው ወር ምን እንደሚያስተምሩ እርስ በርስ እንዲነጋገሩ ነው። የሒሳቡ አስተማሪ እኩልታ ሲጀምር የአፋን ኦሮሞው አስተማሪ በዚያው ሳምንት ስለ ዓረፍተ ነገር ክፍሎች ሊያስተምር ይችላል። የሳይንሱም አስተማሪ ወደ ቦርከና ሲወርድ የማኅበራዊ ሳይንሱ ባልደረባ አብሮት ቢሄድ ቀኑ ለሁለቱም ይቈጠራል። የዚህ ማኅበር አባሎች ከሆኑት መካከል በመጪው ክረምት ወደ ወሎ የሚሄዱ ስላሉ፣ ደብተሩን ለመጀመር ፈቃደኛ የሆነ የአካባቢው አስተማሪ ቢገኝ ጽሕፈቱንና ማባዛቱን እንረዳለን።